ወለሉ አላረጀም፤ ታሟል እንጂ፦ የተጎዳ የጣውላ ወለልን ሳይነቅሉ ማዳን

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ለጥናት ወደ ሰሜን ስሄድ ደባርቅ አክስቴ ቤት አደርኩ። ቡና እየተፈላ ሳለ ከኪሴ የወደቀች የአንድ ብር ሳንቲም ተንከባልላ በሁለት ጣውላዎች መካከል ጥልቅ አለች። አክስቴ ሳቁ።

"ተዋት ልጄ፤ ይህ ወለል ስንቱን በልቷል! ከክረምት በፊት አስነቅዬ ሲሚንቶ ላስሞላውና ሴራሚክ ላስነጥፍበት ነው።"

አናጺም መጥቶ አይቶት ነበር። "አርጅቷል፣ መነቀል ነው ያለበት" ብሏቸዋል። እውነትም ሲያዩት ያስፈራል፤ ጣውላው ተራርቋል፣ አንዳንዱ ጎብጧል፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል።

"እትዬ፣ እስቲ አንድ ክረምት ብቻ ይታገሡኝ" አልኳቸው።

"አንድ ክረምት ብቻ! እግሬ ሾልኮ ብሰበር ግን ሐኪም ቤት ተሸክመህ የምትወስደኝ አንተ ነህ።"

እኔ መሐንዲስ እንጂ አናጺ አይደለሁም። ነገር ግን ስለ እንጨትና ስለ ውሃ ግንኙነት የተማርኩት ነገር አንድ ጥርጣሬ ፈጠረብኝ፤ ይህ ወለል ያረጀ ሳይሆን የታመመ ቢሆንስ? ያረጀ ነገር ይጣላል፤ የታመመ ግን መጀመሪያ ይመረመራል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ምርመራ ነው። ደባርቅም ይሁን ዳባት፣ ጎንደርም ይሁን አዲስ አበባ፣ የድሮ የጣውላ ወለል ያለው ቤት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

"ጠንካራ" እንጨት የቱ ነው?

በዓለም የእንጨት ንግድ "ጠንካራ" የሚባለው አበባ ከሚያብቡ ዛፎች የሚገኘው እንጨት ነው፤ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ወይራና ባህር ዛፍ ከዚህ ወገን ናቸው። "ለስላሳ" የሚባለው ደግሞ አበባ ከማያወጡት ከእነ ጽድና ዝግባ የሚገኘው ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። "ለስላሳ" የተባለው ጽድ አብዛኛውን ጊዜ "ጠንካራ" ከተባለው ዋንዛ ይከብዳል። ከዚያም በላይ የጽድ ውስጠኛው ቀይ ክፍል መበስበስንና ነፍሳትን በደንብ ይቋቋማል። ስለዚህ ለወለል የሚያስፈልገን ጥያቄ "ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ?" ሳይሆን "የምን ዛፍ ነው?" የሚለው ነው።

የአክስቴ ቤት ወለል አብዛኛው ጽድ ነው። ሲቧጭሩት ቀላ ይላል፣ ሽታውም ያስታውቃል። ከመካከሉ ግን ስድስት ጣውላዎች ቀለማቸው የተለየ ነው። አክስቴን ስጠይቃቸው "እነዚያ እኮ በኋላ የተቀየሩ ናቸው፤ ባህር ዛፍ ናቸው" አሉኝ። ሳንቲሜን የዋጠው ክፍተት በሁለት የባህር ዛፍ ጣውላዎች መካከል ያለው ነበር። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ወለሉ ለምን ሳንቲም ይውጣል?

እንጨት ከተቆረጠ፣ ከተሰነጠቀና ከተላገ በኋላም ከአየር እርጥበት መጠጣቱንና መልሶ መትፋቱን አያቆምም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ይጠጣል፣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይተፋል፣ ይኮማተራል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ የደረቅ ክብደቱን 16 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አየሩ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ የእንጨቱ እርጥበት ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። የሰሜን ደጋ ክረምትና በጋ ልዩነት እንዲህ ያለ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ትንሽ እናስላ። እንጨት መኮማተር የሚጀምረው የውሃ መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ከዚያ ነጥብ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ ጽድ በወርዱ 6 በመቶ ገደማ ይጠባል፤ ነጭ ባህር ዛፍ ግን 12 በመቶና ከዚያም በላይ። ስለዚህ እርጥበቱ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ጽድ ከወርዱ 0.2 በመቶ፣ ባህር ዛፍ 0.4 በመቶ ያጣል ማለት ነው።

15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ እንውሰድ። እርጥበቱ ከ16 ወደ 8 በመቶ ሲወርድ፦

ጽዱ 2.4 ሚሊ ሜትር ይጠባል።
ባህር ዛፉ 4.8 ሚሊ ሜትር ይጠባል።

ያቺ ሳንቲም በባህር ዛፎቹ መካከል የጠፋችው ለዚህ ነው። ወለሉ እየፈረሰ አልነበረም። ግንቦት ነበር፤ የበጋው መጨረሻ። ጣውላው ደርቆ ተሰብስቦ ዝናቡን እየጠበቀ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ በበጋ ያያችሁትን ክፍተት በሲሚንቶ ወይም በጄሶ አትድፈኑ የሚለው ነው። ክረምት ሲገባ ጣውላው ያብጣል፤ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ሚስማሩን ይነቅላል፣ ወደ ላይ ይነሣል። አራት ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ 26 ጣውላዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ 2.4 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ ድምሩ ከ6 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የድሮ አናጺዎች በግድግዳው ዳር ክፍት ቦታ ትተው በዞኮሎ የሚሸፍኑት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወለሉ የሚተነፍስበት ቦታ ነው።

እውነተኛውን በሽታ መለየት

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ችግር የወቅት ጉዳይ አይደለም። በሩ አጠገብ ያለው ስፖንጅ የመሰለ ቦታ መስከረምም መጣ ጥር አይድንም፤ በስብሷል።

እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ያለ ውሃ አይሠሩም። የእንጨቱ እርጥበት ሁልጊዜ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ እንጨቱ አይበሰብስም። ችግሩ ከዚያ አልፎ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋና እዚያው ሲቆይ ነው። ስለዚህ "ስንት ዓመቱ ነው?" ከሚለው ጥያቄ ይልቅ "ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?" የሚለው ይበልጣል። ጎንደር ላይ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ድንጋዩ እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ጣሪያውና የእንጨት ወለሉ ግን የለም። ድንጋይ ያለ ጣሪያ ይቆማል፤ እንጨት ግን ዝናብ ከመታው አይቆይም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፦

1. መውጊያ። ጫፉ የሾለ ካቻቢቴ ወይም ወፍራም መርፌ ይዛችሁ ጣውላውን በየቦታው ጫን ጫን አድርጉ። ጤነኛ እንጨት ይመልሳችኋል፤ የበሰበሰ እንደ ዳቦ ያስገባችኋል። በተለይ በሩ አጠገብ፣ የግድግዳው ዳር፣ ውሃ የሚቀመጥበት ቦታና ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ያለውን አትለፉ።

2. ዱቄት። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የላመ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ነው። ዱቄቱን ጠርጋችሁ ወረቀት አንጥፉና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልከቱ። አዲስ ዱቄት ከሌለ ነቀዙ ድሮ የሄደ ሊሆን ይችላል።

3. ሚዛን። ከማይታይ ቦታ የጣት ያህል ቁራጭ ውሰዱና በትንሽ ዲጂታል ሚዛን መዝኑ። ከዚያ 103 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሚሠራ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ አድርቁት። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍሉና በ100 አባዙ። ቤተ ሙከራ ውስጥም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

4. ላስቲክ። አንድ ጣውላ አስነሥታችሁ ከሥር ያለው አፈር ላይ አንድ ካሬ ሜትር ላስቲክ አንጥፉ፤ ዳሩን በድንጋይ ያዙት። በማግስቱ የላስቲኩ ሆድ ላይ ጤዛ ካለ መሬቱ ወለላችሁን ሌት ተቀን እያጠጣው ነው።

የአክስቴን ወለል አንድ ጣውላ ስናነሣ ነገሩ ተገለጠ። ቤቱ በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ከወለሉ ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ አለ። መሠረቱ ላይ በፊትም በኋላም የአየር ቀዳዳዎች ነበሩ። ነበሩ ነው የምለው፤ "ብርድና አይጥ ያስገባል" ተብሎ ሁሉም በድንጋይና በጭቃ ተደፍነዋል። በዚያ ላይ የቆርቆሮው ውሃ በቀጥታ በሩ ሥር ይወርዳል። በሽታው ይኸው ነው። ቤቱን ከብርድ ለመጠበቅ የተደረገ ነገር ነው ወለሉን ያሳመመው።

አንዳንዶቹ ጣውላዎች የጎበጡትም ለዚህ ነው። ከሥር እርጥብ፣ ከላይ ደረቅ ሲሆን የታችኛው ፊት ያብጥና ዳርና ዳሩ ይነሣል፤ ጣውላው እንደ ቦይ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተነሣውን ዳር ወዲያው በመላጊያ ልጎ በማስተካከል ነው። ከሥር ያለው ሲደርቅ ጣውላው ወደ ቀድሞው ቅርጹ ይመለሳል፤ ዳሩ ግን ተልጓልና በተራው መሐሉ ጉብ ይላል። መጀመሪያ ይድረቅ፤ ከዚያ ይላግ።

ሲሚንቶስ ምን አለበት?

አክስቴ እንዲህ ብለው ሞግተውኝ ነበር። "ሰው ሁሉ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኔ ምን አድርጎ ነው? ለመጥረግም ይቀላል።" ለመጥረግ ይቀላል፣ አልክድም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ብርዱ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት የጣውላ ወለሉም የሴራሚክ ወለሉም ሙቀት እኩል 12 ዲግሪ ነው እንበል። በባዶ እግር ስትረግጡት ግን እኩል አይመስሉም፤ ምክንያቱም እግራችን የሚያውቀው የወለሉን ሙቀት ሳይሆን ወለሉ ከእግራችን ሙቀት የሚወስድበትን ፍጥነት ነው። 30 ዲግሪ የሆነ እግር ጣውላውን ሲነካ የመነካኪያው ሙቀት በስሌት 25 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ሴራሚኩን ሲነካ 19 ገደማ። ይህ የስድስት ዲግሪ ልዩነት ነው። ለአንድ የሰባ ዓመት ሰው በኅዳር ጠዋት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ግድግዳው ነው። ስመለስ ዳባት ላይ ያረፍኩበት የጓደኛዬ ቤተሰብ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣውላውን ነቅሎ ሲሚንቶ ያስሞላ ነው። ወለሉ ያምራል። የጭቃው ግድግዳ ግርጌ ግን ረጥቦ ልስኑ እየረገፈ ነው። ለምን መሰላችሁ? የመሬቱ እርጥበት ድሮ ከወለሉ ሥር በአየር ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው መንገዱን ዘጋበት፤ የቀረው መውጫ ደግሞ ግድግዳው ነው። የጭቃ ግድግዳና በውስጡ ያሉት እንጨቶች እርጥበት አይወዱም። ማለትም ወለሉን "ጠግነን" በሽታውን ወደ ግድግዳው አሻገርነው።

ሌላም ስሌት ልጨምር። 20 ካሬ ሜትር ክፍል በ10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ቢሞላ 2 ሜትር ኩብ ነው፤ ባለ 50 ኪሎ 12 ከረጢት ሲሚንቶ ገደማ ይበላል። 1 ኪሎ ሲሚንቶ ሲመረት ከ0.8 እስከ 0.9 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በድምሩ ግማሽ ቶን ገደማ። ያንኑ ክፍል የሸፈነው 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ደግሞ፣ ዛፉ በሕይወት ሳለ ከአየር ወስዶ ያስቀመጠውን ግማሽ ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ተቀምጧል። ተነቅሎ ምድጃ ውስጥ ከገባ ያ ሁሉ ይለቀቃል።

የማይገዛ ጣውላ

"የበሰበሰውን በሌላ ጽድ እንተካዋለን" ማለትም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል። አዋጁ በኋላ በሌሎች ቢተካም ለአገር በቀል ዛፎች የሚደረገው ጥበቃ ቀጥሏል። ደባርቅ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። እዚህ አካባቢ አንድ ጽድ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። እግራችን ሥር ያለው ጣውላ አያቶቻችን ያገኙት፣ እኛ ግን ገበያ ሄደን የማናገኘው ነገር ነው።

ጥገናው በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ውሃው። የተደፈኑትን የአየር ቀዳዳዎች ክፈቱ፤ አየሩ ከአንድ ወገን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ትይዩ ይሁኑ። ለአይጡ ወንፊት ሽቦ ይበቃዋል። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ወይም በቦይ ከቤቱ አርቁ። ከሥር ባለው አፈር ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ። እኛ ሰኔ ሳይገባ የሠራነው ይህንን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጊዜ። ወለሉ እንዲደርቅና ከአየሩ ጋር እንዲስማማ ተዉት። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ከዚያ ተሸካሚው። ጣውላዎቹን የተሸከመው እንጨት ጫፉ ብቻ ከበሰበሰ ሁሉንም መቀየር አያስፈልግም። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጤነኛውን ክፍል በደንብ ተሻግሮ የሚሄድ ሞራሌ ከጎኑ በብሎን እሰሩለት። ሞራሌው ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ ከሥሩ ቁራጭ ላስቲክ አድርጉ።

ከዚያ ጣውላው። የበሰበሰውን እስከ ቅርቡ ተሸካሚ መሐል ድረስ ብቻ ቁረጡ። መተኪያውን ከዚያው ቤት ፈልጉ፤ ከአልጋ ሥር ወይም ከጓዳ ጤነኛ ጽድ ወስዳችሁ በሩ አጠገብ አድርጉ፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ በደንብ የደረቀ ባህር ዛፍ ይግባ። አዲሱ ጣውላ ከመመታቱ በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ተደርድሮ ይቀመጥ።

ክፍተቱ። በዝናቡ ማብቂያም የማይዘጋ ሰፊ ክፍተት ካለ ቀጭን የእንጨት ሽንጥር ሠርታችሁ በአንድ ጎኑ ብቻ ኮላ ቀብታችሁ አስገቡት። ሁለቱንም ጎን ከቀባችሁ ጣውላዎቹን አስራችኋቸዋል፤ በበጋ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃሉ።

ማለስለሱ። ሚስማሩን ሁሉ ወደ ውስጥ አስጥሙ። በሸካራው የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በመካከለኛው አድርጋችሁ በለስላሳው ጨርሱ፤ ከ40 ወደ 80፣ ከዚያ ወደ 120። የሚነሣው ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ይህንን በዕድሜው ብዙ ጊዜ ይችላል። አፍንጫና አፍ መሸፈን ግዴታ ነው። ወለሉ የድሮ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ በደረቁ አትፋቁት፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

በመጨረሻ ቅባቱ። በደጋው የሚዘራው ተልባ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። የሚረጋ የፓልም ዘይት ግን አይደርቅም፤ ይጣበቃል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጥረጉ፣ ጥሬ ዘይት ከሆነ ለቀናት ይድረቅ፣ ከዚያ ድገሙት። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የማይድን ወለልስ?

አለ። ተሸካሚዎቹ በሙሉ ከሥር ከበሰበሱ፣ ወይም ጣውላው በቀጥታ አፈር ላይ የተነጠፈና የአየር ቀዳዳ ሊከፈትለት የማይችል ከሆነ፣ ወይም የውጭው መሬት ከወለሉ ከፍ ብሎ ውሃ ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ መንቀሉ ይሻላል። ያኔም ቢሆን ጤነኛውን ጣውላ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በር፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ይሆናል። ነገር ግን "አይድንም" የሚለው ቃል ካቻቢቴው ከተናገረ በኋላ ይምጣ፤ ከዓይን በፊት ሳይሆን።

መስከረም ላይ ደባርቅ ተመለስኩ። በጽዶቹ መካከል የነበረው ክፍተት በአብዛኛው ተዘግቷል። የባህር ዛፎቹ ክፍተት ጠቧል፤ ሳንቲም አያስገባም። ከሥር ያነጠፍነው ላስቲክ በቦታው ነው፣ አየሩም የሻገተ ሽታው ጠፍቷል። ጥር ላይ ከዚያው አናጺ ጋር ሆነን በሩ አጠገብ ያሉትን አራት ጣውላዎችና የአንድ ተሸካሚ ጫፍ ቀየርን። ከጠቅላላው ወለል የተነቀለው ይኸው ብቻ ነው። አናጺው ሥራውን ሲጨርስ የወጣውን ብስባሽ በእጁ ፈርፍሮ አየውና "ሁሉንም ነቅዬው ነበር እኮ" አለ።

ሳንቲሟንም ከሥር አገኘናት። ከእሷ ጋር ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ማንኪያና አክስቴ ለዓመታት ጎረቤት ሰረቀብኝ ሲሉ የኖሩት የብር መስቀል ወጣ።